ለቲቸር ሙሉ ነጥብ

ረዳት ያስፈልጋት የነበረችው ሚስቴ ናት። እኔ አይደለሁም። ይህንን ገና ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ስናገር ከርሜ የሰማኝ ሰው የለም። «እሺ አባባ» ይሉኛል። እሺታ እንዲህ አንጀት የሚያሳርር ነገር መሆኑን ያወቅሁት በስተርጅና ነው።

ሚስቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላት፤ እኔም ከተጋባን ማግስት ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ልጅ አልወለድንም። «ምን ጎደለኝ፣ ከተማው ሙሉ ልጄ አይደል?» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ከእሷ ጋር መንገድ መውጣት መከራ ነበር፣ ጎረምሳው ሁሉ እየቆመ ቦርሳዎን ካልያዝኩ ይላታል። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ለእኔ ቦርሳ የሚይዝ ቀርቶ ሲወርድ አመሰግናለሁ የሚል ተሳፋሪም አልገጠመኝ።

ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ከገባበት ወዲህ ግን ቲቸር ግድግዳ እየተደገፈች የምትሄድ ሰው ሆነች። ከሁሉ የከፋው መታጠቢያ ቤቱ ነበር። የገንዳው ጠርዝ ከፍ ያለ ነው፤ እግሯን አንስታ ስትሻገር ተንሸራታ ወደቀች፣ ሌላ ቀንም ደገማት። እኔ ደግሞ ላነሳት አልችልም። ዕድሜ ልኬን መሪ ያዞርኩበት ቀኝ ትከሻዬ አልቋል፤ ጆግ ውሃ እንኳ በግራዬ ነው የማነሳው። እና ምን አደርጋለሁ? ቀዝቃዛው ወለል ላይ ጥያት ወደ ውጭ እወጣና ከበራችን አጠገብ ሱቅ ያላትን ልብስ ሰፊ እጠራለሁ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትመጣለች፤ ቲቸርን በአንሶላ ጠቅልለን እንደ ዕቃ እየጎተትን እናወጣታለን። ልብስ ሰፊዋ ደግ ሴት ናት። ቲቸር ግን ከዚያ በኋላ ሞቼ ነው ቆሜ ገንዳ ውስጥ አልገባም አለች። በእርጥብ ጨርቅ ራሷን ማበስ ጀመረች። ኮሌታዋ ላይ ነጠብጣብ ካየች ክፍል የማትገባው ሴት መሽተት ጀመረች። «ሸተትሽ» አልኳት አንድ ቀን። የሆነውን ነው የተናገርኩት።

ስለ ረዳቱ የነገረችን ልብስ ሰፊዋ ናት። መንግሥት ለአረጋውያን ያቋቋመው ቢሮ አለ፤ ገምጋሚ ቤት ድረስ ይመጣና አይቶ ጠይቆ ነጥብ ይሰጣል፣ ካለፋችሁ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ ደግፋ ወንበር ላይ የምታስቀምጥ ሴት ይመደብላችኋል አለችን። አማቷ እስክትሞት ድረስ አግኝታለች።

«ብቻ ጋሼ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው» አለችኝ። «ነጥቡ ዝቅ ያለው ነው የሚያልፈው። ሁሉን እችላለሁ ያለ ሰው ወደቀ። አማቴ የዚያን ዕለት ምጥ እንደያዛት ሴት ነበር ስታቃስት የዋለችው፣ ጎበዝ ነበረች ነፍሷን ይማር።»

ይህን ለቲቸር ብነግራት ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ዜሮ አምጥቼ ነው የማልፈው? ይሄ ምን ዓይነት ፈተና ነው?»

«የመንግሥት ፈተና ነዋ። አንቺ ሴትዮ፣ መታጠብ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ልምምድ ገባን። ልብስ ሰፊዋ ገምጋሚ ሆነች፣ እኔ አሰልጣኝ። «እጅዎን ከፍ ያድርጉ» ስትላት ቲቸር እስከ ጣራ ታነሳለች። «ኧረ አታንሺ!» ብዬ እጮሃለሁ። «ደህና ነዎት?» ስትላት፣ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» ትላለች። «እንዲህ ካልሽ መቼም ረዳት አይላክልሽም! አመመኝ በይ!» እላለሁ። «እንደምን ነሽ ላለ ሰው አመመኝ ተብሎ ይመለሳል? ነውር አይደለም?» ትለኛለች። ደሜ ፈላ። ለሦስት ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቷን ቋጥራ፣ «እሺ፣ እወድቅላችኋለሁ» አለች።

ግምገማው በሚደረግበት ጠዋት ቲቸርን ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ አስቀመጥኳት። እንዳየኋት ረካሁ፤ እንኳን ረዳት፣ አምቡላንስ የሚላክላት ትመስል ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ። ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት ያቀፈች፣ ሽክ ያለች ሴት ናት። ገና እግሯ ሳሎን እንደገባ ቆማ ቀረች።

«ቲቸር!»

ቲቸር መነጽሯን አስተካክላ አየቻት። «አንቺ… ጠመኔ! ጠመኔዋ አይደለሽም?»

ጠመኔ ያሏት ትንሽ ሆና ከሰሌዳው ሥር ጠመኔ እየለቀመች ትበላ ስለነበር ነው። ታሪኩን ሲስቁበት የሰማሁት በኋላ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ሚስቴ ብርድ ልብሱን ወዲያ ወረወረችውና ብድግ አለች። ያ የተሰበረ ዳሌ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ገደል ገባን አልኩ።

«ግዴታ ሆኖብኝ እንጂ እኔ እርስዎን ልጠይቅ ቲቸር?» አለች ጠመኔ።

«ጠይቂ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።»

ልብስ መልበስ? ራሴ። ምግብ ማብሰል? ራሴ፣ ለእሱም ጭምር። ገላ መታጠብ? «ውሸቷን ነው!» ብዬ ጣልቃ ልገባ ስል ሚስቴ አንድ አየችኝ፤ ሙሉ ክፍል ተማሪ ዝም ታሰኝበት የነበረው አስተያየት ነው። «በየቀኑ» አለች። እስከ መስኮቱ ሄደው ይመለሱልኝ ተባለች፤ ሄደች። እኔ የማየውን ጠመኔ አላየችም፤ ጠረጴዛውን ስትደገፍ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ነበር፣ ከከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ተመልሳ ስትቀመጥ ጠመኔ አጨበጨበች።

«ሙሉ ነጥብ! ለእርስዎ ከዚህ ዝቅ አድርጌ ብሞላ እጄ ይቆረጥ ቲቸር።»

ሚስቴ ፊቷ በራ። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አልዋሽም፣ ደስታዋን ጠላሁት። አንቺ የማትረቢ፣ ቁጭ ብለሽ መታዘል አቅቶሽ ዳሌሽን በጭብጨባ ትሸጪያለሽ? አልኩ በሆዴ። ከዚያ በሆዴ መቅረቱ አላስቻለኝም።

«አንቺ ጠመኔ በሊታ!» ብዬ ጮህኩ። «ዐይን የለሽም? ሴትዮዋ መቆም አትችልም! ተመራቂ ነኝ ብለሽ ባጅ ታንጠለጥያለሽ?» በርጩማውን በእግሬ ስለው ተንከባለለ፤ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወርዶ ተከሰከሰ።

ጠመኔ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምን ነበረበት! ቀስ ብላ ዞረችና እንደ ሕፃን በለሰለሰ ድምፅ ታናግረኝ ጀመር።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሚስቴን የቀበርሽበት ቀን ነው!»

«የባለቤትዎን ስም ያስታውሳሉ?»

«ቲቸር!»

«ቲቸርማ ሁላችንም ነን የምንላቸው። እውነተኛ ስማቸውን?»

«ምን አገባሽ?»

«እሺ አባባ። ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ።»

«እኔ ሹፌር ነኝ! የሚቆጥረው ትኬት ቆራጩ ነው!»

ይኼኔ ቲቸር አፈረች። ባሏ ተማሪዋ ፊት ባለጌ ሆነባት። ወደ ጠመኔ ጎንበስ አለችና፣ ጆሮዬ ደህና መሆኑን እያወቀች፣ በሹክሹክታ እንዲህ አለች፦

«አትቀየሚው ልጄ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይረሳል፣ ሳይታወቀው ይቆጣል። እርጅና ነው።»

የጠመኔ ዐይን እንባ አቀረረ። ጣቷ ታብሌቱ ላይ መሮጥ ጀመረ። «እና ማን ይንከባከባቸዋል ቲቸር?»

«ማን አለው? እኔው ነኛ።»

ጠመኔ እንደወጣች የተባባልነውን መድገም አልፈልግም። «ልጅቷ ባለጌ ነው ከምትል ታሟል ብትል አይሻልም?» አለችኝ። «ጠመኔ ፊት ተዝረክርኬ ልታይ? ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ሱሪዬን ታውልቅልኝ?» አለችኝ። «እንግዲያው እዚያው ግሚ!» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት።

ውጤቱን ራሷ ጠመኔ ደውላ ነገረችን፤ ደስታዋ ከስልኩ ሊፈስ ምንም አልቀረው። «እንኳን ደስ አለዎት ቲቸር! ለአባባ በሚረሱ አረጋውያን ቀን መዋያ ማዕከል ቦታ አስገኘሁላቸው። ሰው ስንት ይጠብቃል መሰለዎት፤ ለእርስዎ ስል በየቢሮው ስሮጥ ከረምኩ። ሚኒባስ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት ይመልሳቸዋል፤ እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ።»

ስልኩን ነጠቅኳት። «ረዳቷስ?»

«አባባ፣ ረዳት ቤት የሚላከው ተንከባካቢ ለሌለው ሰው ነው። እርስዎ እኮ ቲቸር አሉልዎት፣ ሙሉ ነጥብ ያመጡ!»

ምን ቆርጦኝ እሄዳለሁ፣ አልሄድም አልኩ። ቲቸር፣ «ልጅቷ ለእኔ ብላ ተንከራታለች፣ አታሳፍረኝ» አለች። ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ያሸነፈችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። «ጋሼ፣ ይሂዱ። እምቢ ካሉ ፋይሉ ይዘጋል። ከሄዱ ግን ከጊዜ በኋላ እንደገና ይገመግማሉ፤ ያኔ ቲቸርን የማያውቅ ገምጋሚ ይመጣና ለእሳቸው እናስመዘግባለን» አለችኝ። ለሚስቴ መታጠቢያ ስል እኔ እብድ ሆኜ ሚኒባስ ገባሁ።

የመዋያው ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ኪሴን መፈተሽ ነው። የቤት ቁልፌን አወጡና፣ «ይጠፋባቸዋል» ብለው ለቲቸር ላኩላት። ምሳ ሲቀርብ አንገቴ ላይ መሐረብ ያስራሉ። ከምሳ በኋላ ክብ ሠርተን ፊኛ እንወራወራለን፤ የያዘ ሰው «ጎበዝ!» ይባላል። አንድ ቀን የአውቶቡስ ሥዕል ሰጥተው ቀለም ይቀቡ አሉኝ። ስልሳ ሰው ጭኜ በዝናብ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ! «ሚስቴ መቆም አትችልም፣ ረዳት የሚያስፈልገው ለእሷ ነው» ብዬ ያልነገርኩት የለም። «እሺ አባባ፣ ቲቸር ደህና ናቸው፣ ማታ ያገኟቸዋል» ይሉኛል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ክፉ በሆኑ! ክፉ ሰው ቢያንስ ይመልስልሃል፣ ትሰዳደባለህ፣ ይወጣልሃል።

ቤት ስመለስ ቲቸር በሯን ይዛ፣ ፈገግ ብላ ትቀበለኛለች። አስተናጋጁ ልጅ ከሚኒባሱ ያወርደኝና እጄን እጇ ላይ ያደርጋል፤ «ተረክበዋል ቲቸር» ይላታል። በሩ እንደተዘጋ እኔ ነኝ ወንበር ድረስ የምደግፋት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ደስ ብሏት ነቃች። ጠመኔ በማግስቱ ልትጠይቃት እንደምትመጣ ደውላ ነግራት ነበር። «ዛሬ ፀጉሬን መታጠብ አለብኝ» አለች። «ልብስ ሰፊዋን ጠብቂ፣ ብቻሽን እንዳትሞክሪው» አልኳት። «እሺ» አለች። እሷም እሺ ማለት ተምራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። ልጁ ወርዶ ደወለ። ማንም አልከፈተም። ደግሞ ደወለ። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ተዘግቷል፤ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች።

«ቲቸር ገበያ ወጥተው ይሆናል» አለ ልጁ ተመልሶ።

«የትም አትወጣም! ወድቃለች! በሩን ስበር!»

«አባባ፣ ይረጋጉ። ፋይላቸው ላይ እኮ ያለድጋፍ ይንቀሳቀሳሉ ነው የሚለው።»

«ፋይሉን በጥብጣችሁ ጠጡት! አውርደኝ!»

«ለተንከባካቢ በእጅ ሳላስረክብ ማውረድ አልችልም። ሕግ ነው አባባ።»

ቀበቶው የሚፈታው ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ እኛ እንዳንፈታው ተብሎ የተሠራ ነው። ታገልኩት። መስኮቱን በክርኔ ደበደብኩ፣ «ቲቸር! ቲቸር!» እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ሹፌሩን መለመን ያዝኩ። «ወንድሜ፣ እኔም የሙያ ጓደኛህ ነኝ። አንድ ጊዜ ዝቅ ብለህ በበሩ የቁልፍ ቀዳዳ ስማ። በልጆችህ!» ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። አዘነልኝ፤ አስተዋልኩት፣ ከልቡ ነው ያዘነው። ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተና ሙዚቃ አደረገልኝ። ሞተሩን አስነሣ። ሚስቴን ከበሩ ኋላ ትቼ፣ ታስሬ፣ ዘፈን እየሰማሁ ወደ መዋያው ተመለስኩ። እዚያም «ዛሬ ተረብሸዋል» ተባለና የሚያረጋጋ ሽሮፕ በማንኪያ ሰጡኝ።

በሩን ያሰበረችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ አመሻሽ ላይ ተመልሳ ደወል ብትደውል ዝም ሲላት። ቲቸር ገንዳው ውስጥ ነበረች፤ ፀጉሯ ላይ ሳሙናው ደርቋል። ሐኪሙን ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት፣ እንዳትዋሸኝ አልኩት። መቼ ነው የሞተችው? ከሰዓት በኋላ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አካባቢ ነው አለኝ። እኛ ስንደውል ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ነበር። ደወሉን ሰምታዋለች ማለት ነው። ስሟን ስጠራም ሰምታኛለች። ሚኒባሱ ሲሄድም ሰምታለች።

ለቅሶ ላይ እንደ ጠመኔ ያለቀሰ የለም። የቲቸርን ደግነት እያነሳች ሰውን ሁሉ አስለቀሰች። እስከ መጨረሻው ቀን ባላቸውን ሲንከባከቡ ነው የሞቱት አለች፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን መጠጠ። ሰዉ ሲበተን አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«አይዞዎት አባባ፣ አንጥልዎትም። አሁን ተንከባካቢ ስለሌለዎት ረዳት ተፈቅዶልዎታል። ጠዋት ጠዋት ቤት ትመጣለች። ለቲቸር ስል ራሴ ነኝ ያስፈጸምኩት።»

ልመታት ነበር። እጄን ግን ይዛዋለች፣ በሁለት እጇ፣ አጥብቃ። ደግሞስ ብመታት ምን ብላ እንደምትሞላልኝ አውቃለሁ።

ረዳቷ መጣች። ክንደ ወፍራም፣ ጉልበታም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን መታጠቢያ ቤቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እዚህማ ሰው ይሞታል» አለች፤ ማንም አልነገራትም ነበር። በማግስቱ ቢሮው ሠራተኛ ልኮ ግድግዳው ላይ እጀታ አስተከለ፤ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ አነጠፈ፤ ገንዳው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠ። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ የቀዳሁለት ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ቆሜ አየሁት።

«እኔ ራሴን መታጠብ እችላለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ አባባ» አለችና በብብቴ ገብታ እንደ ላባ አነሳችኝ።

አሁን አልከራከርም። ጠዋት ስትመጣ እጄን እሰጣታለሁ፤ ወንበሩ ላይ ታስቀምጠኛለች። ክፉውን ነገር ልናገረው፦ ደስ ይላል። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ እጇ ጠንካራ ነው፣ ጀርባዬን ስታሽልኝ ዐይኔ ሳላውቀው ይከደናል። ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ ያላገኘችው ነገር ይኼ ነው፤ ምንም ያልጎደለኝ እኔ እየተንፈላሰስኩበት ነው። ሲያቃጥለኝ ይውላል፣ ሲነጋ ደግሞ ሰዓቷን እጠብቃለሁ።

«ውሃው አልበዛም አባባ?» ትለኛለች።

«ጨምሪ» እላታለሁ።